ማርኩን ትታችሁ ጥያቄውን እዩልን

ለ፦ የተማሪ ውጤት ለምትሰበስቡ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ቢሮዎች
ጉዳዩ፦ ከሮስተሩ (ከተማሪዎች የውጤት ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) በፊት የፈተናው ጥያቄና እርማቱ እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነኝ። አራት ሴክሽን አለኝ። በእያንዳንዱ 68 ተማሪ ይቀመጣል። የትምህርት ቤቴን ስም አልጽፍም፤ የእናንተንም ቢሮ ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ቢሮ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ተራ ማመልከቻ ጽፌ በመዝገብ ቤት በኩል እልክ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ከሰጠሁት ቴስት አንዲት ጥያቄ ላሳያችሁ። ባዶ ቦታ ሙላ ናት። «የዓባይ ወንዝ የሚነሳው ከ______ ነው።» አንድ ነጥብ ትይዛለች። ስጽፋት ብዙም አላሰብኩባት። መልሷ በእኔ ቤት «ጣና ሐይቅ» ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ማረም ጀመርኩ። አብዛኛው «ጣና» ብሏል። ጥሩ። አንዷ «ግሽ ዓባይ» ብላለች። ቆም አልኩ። ልክ ናት፤ ምንጩ እዚያ ነው፣ ግልገል ዓባይ ሆኖ ነው ጣና የሚገባው። ሌላው «ሰከላ» አለ። እሱም አልተሳሳተም፤ ግሽ ዓባይ ያለው ሰከላ ወረዳ ውስጥ ነው። ቀጥሎ «ኢትዮጵያ» መጣ። ይሄን ምን ትሉታላችሁ? ኤክስ ለማድረግ እጄ እንቢ አለ። «ጎጃም»። «ተራራ»። ወደ መጨረሻው ላይ አንዱ ልጅ «ላይ» ብሎ ሞልቶ አገኘሁ። የዓባይ ወንዝ የሚነሳው ከላይ ነው።

ብቻዬን ሳቅኩ። በማግስቱ ግን ሳቁ ጠፋ። ቴስቱን ያወጣነው ከሥራ ባልደረባዬ ጋር በጋራ ነው። እሱ የራሱን ሴክሽኖች ሲያርም «ጣና» ያላለውን ሁሉ ኤክስ አድርጎታል። «ግሽ ዓባይ» ያለችው ልጅ እሱ ክፍል ብትሆን፣ ከሌሎቹ አብልጣ ስላወቀች አንድ ነጥብ ታጣ ነበር። እሱን አልወቅሰውም። የመልሱን ቁልፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ያቺ አንድ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር ተደምራ ሮስተር ላይ ወጣች። ሮስተሩ ወደ እናንተ መጣ። እናንተም በፆታ፣ በክፍልና በትምህርት ዓይነት ከፋፍላችሁ አማካይ አወጣችሁለት። 50 እና በላይ ስንት፣ ከ50 በታች ስንት አላችሁ። 14 ዓመት ሳስተምር «እስቲ ጥያቄውን አሳየኝ» ያለኝ ሱፐርቫይዘር አልገጠመኝም። ሮስተሩ አንድ ቀን ሲዘገይ ግን ስልክ ይደወላል።

የፈተና ዓይነት እኛ ጋ እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ። ኮሌጅ የተማርነው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቢጋር ይሠራል፤ ከዚህ ምዕራፍ ይህን ያህል ጥያቄ፣ ስንቱ ለማስታወስ፣ ስንቱ ለመረዳት፣ ስንቱ ለማመዛዘን ተብሎ። ከዚያ ለዓላማው የሚስማማው የጥያቄ ዓይነት ይመረጣል። በተግባር ግን የሚመርጥልን ወረቀት ነው። ወረቀትና ቀለም ካለ ቾይዝ ይወጣል። ከሌለ ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እስቲ አራት አራት አማራጭ ያለው 20 ጥያቄ በጠመኔ ጻፉ። ሰሌዳው አይበቃም። ከኋላ የተቀመጠው አያነበውም። ጽፈን ስንጨርስ ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ እውነት ሐሰት ይሆናል፤ አጭር ነው፣ ለማረምም ይቀላል። የአንድን ሴክሽን ወረቀት ሻይ እስኪፈላ እጨርሰዋለሁ።

አሁን አንድ ሒሳብ ልጨምር። ሒሳብ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው ያሰላልኝ፣ እኔ የጂኦግራፊ ሰው ነኝ። 20 የእውነት ሐሰት ጥያቄ ስጡ። ደብተር ገልጦ የማያውቅ ልጅ በየጥያቄው ሳንቲም እየወረወረ ቢመልስ፣ 10 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 59 በመቶ ያህል ነው። ሴክሽኑ በሙሉ እንዲህ ቢያደርግ ከ68ቱ 40 የሚሆኑት ያልፋሉ። ጥያቄዎቹ አራት አማራጭ ያላቸው ቾይዝ ቢሆኑ ዕድሉ ወደ 1.4 በመቶ ይወርዳል። ከ68ቱ አንድ ልጅ ቢያልፍ ነው። ሮስተራችሁ ላይ ግን ሁለቱም «ቴስት» ተብለው ነው የሚገቡት። አንድ ዓምድ፣ አንድ ዓይነት ቀለም።

መገመትን በቅነሳ እንቅጣው የሚሉ አሉ። በቾይዝ ሦስት የሳተ አንድ ይቀነስበታል፣ በእውነት ሐሰት ደግሞ አንድ የሳተ አንድ ይቀነስበታል። ቀመሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ለልጆች አልወደውም። ደፋሩ አሁንም ይገምታል፤ ግማሽ ጎኑን የምታውቀው ዓይናፋር ልጅ ግን ባዶ ትተወዋለች። ከዚያ ይልቅ «ሐሰት ካልክ አስተካክለህ ጻፈው» የምትል አንዲት መስመር እጨምራለሁ። «ሐሰት» ላለው ግማሽ፣ ላስተካከለው ግማሽ። እርማቱ ይረዝማል፤ ሻዩ ይገነፍላል። ግምቱ ግን ቢያንስ በሐሰቶቹ ላይ ይሞታል።

ቾይዝም ቢሆን ስለወጣ ብቻ ፈተና አይሆንም። አንድ ጊዜ የራሴን የማጠቃለያ ፈተና መልስ ቆጠርኩ። ከ40 ጥያቄ 17ቱ መልሳቸው «ሐ» ነው። ሆን ብዬ አይደለም፤ መልሱን መሀል መደበቅ እጅ ለምዶታል። ልጆቹ ግን ከእኔ ቀድመው ቆጥረውታል። «ግራ ከገባህ ሐ በል» ይባባላሉ። ረጅሙ አማራጭ መልስ እንደሚሆንም ያውቃሉ። «ሁሉም መልስ ናቸው» ካለ ደግሞ ጥያቄውን ማንበብም አያስፈልግም።

ዋናው ሥራ ያለው የውሸቶቹ መልሶች ላይ ነው። «የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው በስንት ዓ.ም. ነው?» ብዬ 1200፣ 1500፣ 1888 እና 2000 ብዘረዝር፣ መልሱን የማያውቅም ያገኘዋል። 1888፣ 1928፣ 1966 እና 1983 ካልኩ ግን ነገሩ ይለወጣል። አራቱም ልጁ ቤትም ክፍልም ሲጠሩ የሰማቸው ዓመታት ናቸው። ዓድዋን ከማይጨው፣ አብዮቱን ከደርግ መውደቅ ያልለየ እዚህ ጋ ይወድቃል። ጥያቄው ያው ነው፣ ነጥቡም ያው ነው። የለካው ነገር ግን ሌላ ነው። እነዚህን ማሳሳቻዎች ከጭንቅላቴ አላወጣቸውም። ባዶ ቦታ ሙላ ስሰጥ ልጆቹ የጻፉትን ስህተት በአንድ ደብተር እይዛለሁ። የዓመቱ ስህተታቸው የሚቀጥለው ዓመት አማራጭ ይሆናል።

አዛምድ ላይ ብዙ አልቆይም። በግራ አምስት፣ በቀኝ አምስት ካደረጋችሁ አራቱን ያወቀ አምስተኛውን በነፃ ያገኛል፤ አንዱን የሳተ ደግሞ ሁለት ይከስራል። ቀኙ ሰባት ይሁን። ዓድዋን፣ ራስ ዳሸንንና አዋሽን በግራ ደርድሮ በቀኝ «1888 ዓ.ም.»፣ «ከ4,500 ሜትር በላይ»፣ «ወንዝ» ማለትም ይቅር። ያ ማንበብ የቻለ ሁሉ የሚያዛምደው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ ቁጥር 14 ልውሰዳችሁ። በዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህችን አንብቡ።

«ከሚከተሉት ወንዞች መካከል ባሕር የማይደርሰው የቱ ነው? ሀ) ዓባይ ለ) ተከዜ ሐ) አዋሽ መ) ዋቢ ሸበሌ።» ቁልፉ ሐ ነው (አዎ፣ እንደገና ሐ)። ካረምኩ በኋላ ወረቀቶቹን ከከፍተኛ ውጤት ወደ ዝቅተኛ ደረደርኳቸው። ከላይ 18፣ ከታች 18 አነሳሁ። መሀሉን ተውኩት። በአንድ የተሰመረ ወረቀት ላይ በየጥያቄው ከላይ ስንት አገኙ፣ ከታች ስንት አገኙ ብዬ ቆጠርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በአብዛኛው ጥያቄ ላይ ከላይ ያሉት ይበልጣሉ፤ መሆን ያለበትም ይሄ ነው። ቁጥር 14 ላይ ግን ከላይ ካሉት ያገኙት 6 ናቸው። ከታች ካሉት 11።

ተገለበጠ። ጎበዞቹን ጠርቼ ጠየቅኳቸው። 11ዱ «ዋቢ ሸበሌ» ብለዋል። «ቲቸር፣ ሸበሌ እኮ ሶማሊያ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል» አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው። ከባድ ዝናብ ያለበት ዓመት ካልሆነ በቀር ጁባ ወንዝ ጋ እንኳ አይደርስም። ከታች ያሉት ደግሞ ደብተራቸው ላይ ያጻፍኩትን የአዋሽ ዓረፍተ ነገር ሸምድደው መጥተዋል። ስለዚህ ጥያቄዬ የሸመደደውን ሸልሞ ያሰበውን ቀጥቷል። ለሁለቱም መልስ ነጥብ ሰጥቼ ማርክ ሊስቱን አስተካከልኩ። ሮስተሩን አዘገየህ ተብዬ ማስታወሻ ደረሰኝ።

ይህ ቆጠራ ኮምፒዩተር አይፈልግም፤ ስልጠናም አበልም አይጠይቅም። ግማሽ ሰዓትና የተሰመረ ወረቀት ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ሲቀነስ ከታች ያሉት፣ ለ18 ሲካፈል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጥያቄው ማንንም ከማንም አይለይም። ከዜሮ በታች ከወረደ ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው ሁለት መልስ አለው፣ ወይ መምህሩ አሳስቶ አስተምሯል። ሦስተኛው ለመቀበል ይከብዳል። በእኔም ደርሷል።

ወደ አብራራ ጥያቄ እንምጣ። እዚህ ላይ የምናዘዘው አለ። «የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች ከአካባቢህ ምሳሌ በመስጠት አብራራ» የሚል 10 ነጥብ የያዘ ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። አርሜ ማርክ ከመዘገብኩ በኋላ ቆይቼ አምስት ወረቀት አነሳሁ። ነጥቡን በወረቀት ሸፍኜ እንደገና አረምኳቸው። አንዱ ወረቀት መጀመሪያ 6 ያገኘ ነው፣ አሁን 8 ሰጠሁት። ልጁ ሌላ ቃል አልጨመረበትም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር የማርመው፤ ከእሱ በፊት ያረምኩት ወረቀት ደግሞ ጽሑፉ ቁልጭ ያለ የክፍሉ አንደኛ ልጅ ወረቀት ነበር።

ብቻዬን ያልሆንኩ መሆኔ ትንሽ አጽናንቶኛል። በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስታርችና ኤሊዮት የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶች አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩ። ከ142 መምህራን ማርክ መጣ። ለአንዱ ወረቀት ዝቅተኛው 64፣ ከፍተኛው 98 ሆነ። ያንኑ ወረቀት ነው ሁሉም ያረሙት።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። ጥያቄውን ከመስጠቴ በፊት መልሱን ራሴ እጽፋለሁ፤ ስጽፈው ብዙ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ግልጽ እንዳልነበረ ይገባኛል። 10ሩን ነጥብ እሸነሽናለሁ፦ ለአራት መንስኤ አራት፣ እያንዳንዱ እንዴት አፈሩን እንደሚወስድ ላስረዳ አራት፣ ለአካባቢው ምሳሌ ሁለት። ስሙን አጥፌ እሸፍናለሁ። የሁሉንም ልጅ አንደኛ ጥያቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወደ ሁለተኛው የምሄደው። በመሀል ወረቀቶቹን አደበላልቃለሁ፣ ያው ልጅ ሁልጊዜ የደከመው ዓይኔ ላይ እንዳይወድቅ።

የቅኔ ቤት ያሳለፈ አያት ነበረኝ። የእነሱ ፈተና ወረቀት አልነበረውም። ተማሪው የቆጠረውን (ራሱ የደረሰውን) ቅኔ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ከሆነ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ነው። የተሰበረው ቦታ እዚያው ይነገረዋል፤ ስህተቱን ይዞ አያድርም። እኔ ግን ለ68 ልጅ እንዴት ብዬ የኔታ ልሁን? በዚያ ላይ ሴክሽኑ አራት ነው።

ይህን ሒሳብ ደግሞ እኔው ሠራሁት። አራት ሴክሽን በ68፣ 272 ወረቀት። ሁለት የአብራራ ጥያቄ ያለበትን አንድ ወረቀት በአግባቡ ለማየት አምስት ደቂቃ ስጡኝ። 1,360 ደቂቃ ይሆናል። 22 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ከማጠቃለያ ፈተና በኋላ ማርክ አስገቡ የምትሉን በሦስት ቀን ነው፣ ሮስተሩን ደምረን። ከዚያ «ለምን ቾይዝ ብቻ አወጣችሁ» ትሉናላችሁ።

መቶው እንዴት እንደሚሞላ ልንገራችሁና ወደ ልመናዬ ልግባ። ተከታታይ ምዘና ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው፦ ልጁን በዓመቱ መጨረሻ አንዴ ከመውቀጥ፣ በየጊዜው አይተህ የጎደለውን ሙላለት። እኛ እጅ ሲገባ ግን ተከታታይ ድምር ሆነ። እኛ ጋ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቴስት 20፣ አሳይመንት 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ደብተር 5፣ የክፍል ተሳትፎ 5፣ ማጠቃለያ 50።

አሳይመንቱን ታላቅ ወንድም ይሠራዋል፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልክ። 9 ይሰጠዋል። የቡድን ሥራው ላይ አምስት ስም አለ፤ የእጅ ጽሑፉ የአንዲት ልጅ ነው። ለአምስቱም 9። ደብተር ከጓደኛ ተገልብጦ 5። ተሳትፎ፣ አይረብሽም ከተባለ 4። እስካሁን 27። ቴስቶቹ እውነት ሐሰት ከሆኑ በሳንቲም ከ20 በአማካይ 10 ይገኛል። 37። ማጠቃለያው ባለ አራት አማራጭ ቾይዝ ከሆነ በጭፍን ግምት ከ50 በአማካይ 12.5። ደምሩት። 49.5።

ምንም የማያውቅ ልጅ ማለቴ ነው። የቀረችውን ግማሽ ነጥብ ማን እንደሚጨምራት ታውቃላችሁ። ከ50 በታች ያለው ተማሪ ለምን እንደኖረ መምህሩ በቅጽ ያስረዳ የሚል ደብዳቤ ከላይ መጥቶ ያውቃል። ቅጹ ሦስት ገጽ ነበር። እኔ ቅጹን አልሞላሁም። አንዱን 41 ወደ 50 አነሳሁት። ስሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁም፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ለዚያ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በክፍል ፈተና ብቻ አላሳብበውም። ግን እነዚያ ልጆች 12ኛ ክፍል የደረሱት በየዓመቱ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው ነው። ካርዱን የጻፍነው እኛ ነን፤ ማኅተሙም አለበት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሮስተር ስትቀበሉ የጥያቄ ወረቀቱን፣ ቢጋሩንና የእርማት መመሪያውን አብራችሁ ተቀበሉ። ሁሉንም አንብቡ አልልም። ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንሱ፣ ቁጭ ብላችሁ ፈተናውን ራሳችሁ ሥሩት። የመምህሩ ቁልፍ ጋ የማይገጥም መልስ ካመጣችሁ ደውሉልን። ደብተርና ተሳትፎ ካርድ ላይ በራሳቸው መስመር ይጻፉ፤ ወላጅ ማወቅ አለበት። መቶው ውስጥ ግን አይግቡ። ከእውነት ሐሰት ሁለት ቴስት በደንብ የታሰበበት አንድ ይሻላል፣ የቁጥር ኮታውን ቀንሱልን። ለእርማት ከሦስት ቀን በላይ ስጡ። ወረቀትም ግዙ፤ የአብራራ ጥያቄ በጠመኔም ይሰጣል፣ ጥሩ ቾይዝ ግን ያለ ወረቀት አይሆንም።

ከ50 በታች ላመጣው ልጅ ቅጹን ሰርዙና የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ስጡን። ደረጃውንም እስቲ አስቡበት። አንዷ 87.4 አምጥታ አንደኛ፣ ሌላዋ 87.1 አምጥታ ሁለተኛ ወጣች ብለን በወላጅ ፊት እናስጨበጭባለን። እኔ በሻማና በመብራት መካከል ሁለት ነጥብ የምለዋወጥ ሰው ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የ8ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጆች
ለሥራ ባልደረቦቼ

ይድረስ ከተባለ በኋላ፦ «ከላይ» ብሎ የመለሰው ልጅ ምን ሆነ ለምትሉ፣ ጠርቼው ነበር። «ከላይ ማለት ከየት ነው?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ቲቸር፣ ወንዝ ከከፍታ ወደ ዝቅታ አይደል የሚወርደው? ምዕራፍ ሁለት ላይ ጽፈናል» አለኝ። ደብተሩን አስወጣሁት። እውነትም ጽፈናል፣ በእኔው ቃል። ጣና ግን አላወቀም። ካርታ ላይ አሳይቼው በሁለተኛው ቀን እንደገና ጠየቅኩት። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት። ባልደረባዬ ዜሮ ይገባዋል ይላል፤ እስካሁን አልተስማማንም።